«ተቀበል!»

«ጭንቅላት እንደ ጡንቻ ነው፤ ካላሠሩት ይሟሽሻል» የሚለውን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ብቻ ከጋዜጣ የጤና ዓምድ እስከ ጂም ቤት ግድግዳ፣ ከሬዲዮ እስከ እጅ ስልካችን ድረስ ተለጥፎ እናገኘዋለን። የሚመች አባባል ነው። በተለይ የሚመቸው ግን ለነጋዴ ነው። ጡንቻ ከሆነ ስፖርት ያስፈልገዋል፤ ስፖርት ካስፈለገው አሠልጣኝ ያስፈልገዋል፤ አሠልጣኝ ካለ ደግሞ ክፍያ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ የቃላት እንቆቅልሹ፣ ሱዶኩው፣ በስልክ የሚጫነው የአንጎል ማሠልጠኛ በየተራ መጣ፣ በየተራም ተቸበቸበ።

አሁን ደግሞ ተራው የኢምፕሮቭ ሆኗል።

ኢምፕሮቭ ማለት ጽሑፍ የሌለው ተውኔት ነው። ተዋናዮቹ መድረክ ላይ ሲወጡ ምን እንደሚሉ አያውቁም። ከተመልካቹ አንዱ «ባቡር ጣቢያ!» ወይም «የጥርስ ሐኪም ቤት!» ብሎ ይጮህላቸዋል፤ እነሱም እዚያው ፈጥረው እዚያው ይጫወቱታል። ይህን ችሎታ ለመለማመድ የተዘጋጁ ትንንሽ ጨዋታዎች አሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ እነዚህ ጨዋታዎች ከመድረክ ወርደው ወደ አረጋውያን መኖሪያ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ጤና ማዕከል ገብተዋል። ማስታወቂያው ላይ «ለአንጎል ጤና» ይላል። «ትዝታን ያጠነክራል፣ የመርሳት በሽታን ያርቃል» የሚልም አይጠፋም።

መቼስ ሰው በሳቅ ከሚድን በመርፌ ይዳን የሚል ጨካኝ የለም። እኔም አልልም። ነገር ግን አንድ ነገር ለጤና ይጠቅማል ሲባል «ለየትኛው ጤና? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ጥያቄ ይዤ ስከታተል ያገኘሁት መልስ ማስታወቂያው ላይ ካለው ይለያል። እንዲያውም ማስታወቂያው የተሻለውን ነገር ደብቆ የባሰውን የሚሸጥ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ትውልዱ ጥቂት ልበል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው ሲወለድ ስለ አንጎል ያነሳ ሰው አልነበረም። በ1889 ጄን አዳምስ የምትባል ሴት፣ ኋላ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣት፣ ከጓደኛዋ ጋር ሆና በቺካጎ ከተማ በድሆች ሰፈር ሃል ሃውስ የተባለ ቤት ከፈተች። ሰፈሩ ከአውሮፓ በመርከብ በፈለሱ ሰዎች የተጨናነቀ ነበር። ጎረቤትና ጎረቤት በአንድ ቋንቋ አይግባባም። እዚያ ቤት ኔቫ ቦይድ የምትባል መምህርት ጨዋታን እንደ ትምህርት ታስተምር ጀመር። ይቺ ሴት በ1919 በሆስፒታልና በአልጋ ላይ ስለሚደረጉ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ አሳትማለች። እንግዲህ «በሽተኛን በጨዋታ» የሚለው ሐሳብ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስለን፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል።

የኔቫ ቦይድ ተማሪ ቫዮላ ስፖሊን ናት። እሷም ከሩሲያ ከመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች የተወለደች የቺካጎ ልጅ ነች። በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ስትንገላታ መንግሥት ባቋቋመው የሥራ ዕድል ፕሮግራም ተቀጥራ ለስደተኛ ልጆች ድራማ አስተማረች። ልጆቹ ቃለ ተውኔት አይሸመድዱ፣ እንግሊዝኛው አይሆንላቸው። ስለዚህ ቃል የማያስፈልጋቸውን ጨዋታዎች እየፈጠረች አጫወተቻቸው። እነዚያን ጨዋታዎች ሰብስባ በ1963 ያሳተመችው መጽሐፍ ዛሬ ድረስ የሙያው መሠረት ነው። ልጇ ፖል ሲልስ ደግሞ በ1959 ሴከንድ ሲቲ የተባለውን የኮሜዲ ቤት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የዝናና የገንዘብ ነው፤ ዝነኛ ኮሜዲያን ወጡበት፣ ቀጥሎ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን «ፈጠራ» ለማስተማር ተከራዩት፣ ከኩባንያው ደግሞ ወደ አንጎል ተሻገረ። ለስደተኛ ልጆች በነፃ የተሰጠ ነገር ዛሬ ለተመቸው ጡረተኛ በክፍያ ሲሰጥ ማየት አይገርምም፤ ከቡና እስከ ሙዚቃ ስንቱ ነገር ነው በዚህ መንገድ ያልሄደው።

ጨዋታዎቹን ሳያዩ መተቸት ደግሞ ሳይቀምሱ ጨው በዛ እንደማለት ነው። ሁለቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው «መስታወት» ይባላል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ እጁን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ሌላው እንደ መስታወት እኩል ያነሳል። ጥቂት ቆይቶ መሪው ተከታይ፣ ተከታዩ መሪ ይሆናል። መጨረሻ ላይ «አሁን ማንም አይምራ» ይባላሉ። ሁለቱም ይከተላሉ፤ እጅ ግን ይንቀሳቀሳል። ማን እንዳንቀሳቀሰው አይታወቅም።

ሁለተኛው የቃል ቅብብል ነው። አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ተረት ያወራል፤ እያንዳንዱ ግን በተራው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰጠው። አንዱ «ትናንት» ይላል፣ ቀጣዩ «ማታ»፣ ቀጣዩ «አንድ»። እርስዎ ከጎረቤትዎ ቀጥሎ ነዎትና «መቼም ‹ሽማግሌ› ማለቱ አይቀርም» ብለው «ከዘራውን» የሚል ቃል በሆድዎ አዘጋጅተዋል። ጎረቤትዎ ግን «በግ» ይላል። በግ ከዘራ የለውም! ያዘጋጁትን ቃል ጥለው በቅጽበት «ታክሲ» ይላሉ። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ምስኪን ደግሞ «ተሳፈረ» ይበል ወይስ «ነዳ»? በነገራችን ላይ ይህ ጨዋታ በአማርኛ ሲሆን ይከብዳል ባይ ነኝ። እንግሊዝኛው ግሱን መሐል ላይ አስቀምጦ ይገላገላል፤ የእኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ የመጨረሻው ሰው የዘጠኙን ሰው ቃል ሁሉ ይዞ መቆየት አለበት። ከመሐል አንድ ቃል ያልሰማ ሰው ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት አይችልም።

ስለዚህ ጭንቅላት ይሠራል፣ ይህ አይካድም። መስማት አለ፣ መያዝ አለ፣ የራስን ዕቅድ መተው አለ። ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። የቃል ቅብብል የለመደ ሰው በቃል ቅብብል ጎበዝ ይሆናል፤ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ያስታውሳል ወይ? ደጋፊዎቹ ይህን ወንዝ በዝላይ ይሻገሩታል።

ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ቻርለስ ሊም የተባለ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ2008 ያወጣው ጥናት ነው። ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን አንጎል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ ትንሽ ኪቦርድ ሰጣቸው። አንድ ጊዜ የሸመደዱትን፣ አንድ ጊዜ እዚያው የፈጠሩትን ይጫወታሉ። ፈጥረው ሲጫወቱ ራስን ከመቆጣጠር ጋር የሚያያዘው የፊተኛው አንጎል ክፍል ቀዝቀዝ አለ፤ ከራስ ስሜትና ታሪክ ጋር የሚያያዘው መካከለኛው ክፍል ሞቅ አለ። ግሩም ጥናት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ስድስት ናቸው፣ ሙያተኞች ናቸው፣ የተጫወቱትም ፒያኖ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ነገር የጠየቃቸው የለም። የአንጎል ክፍል ቀይ ሆኖ የታየበት ፎቶግራፍ ግን ከመቶ ገጽ ጽሑፍ ይበልጥ ስለሚያሳምን በየማስታወቂያው ይለጠፋል።

ሌላው በ2003 የወጣው የኒውዮርክ ጥናት ነው። ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸውን 469 ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ፣ የሚያነቡት፣ የገበታ ጨዋታ የሚጫወቱት፣ ሙዚቃ መሣሪያ የሚነኩትና የሚደንሱት ላይ የመርሳት በሽታ አነስ ብሎ አገኘው። ደስ ይላል። ነገር ግን እዚህ ጋ የቆየ የፈረስና የጋሪ ጥያቄ አለ። የመርሳት በሽታ ምልክቱ ከመታየቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ውስጥ ውስጡን ይጀምራል። አያ እገሌ ቼዝ መጫወት ስላቆመ ታመመ ወይስ ሕመሙ ስለጀመረው ነው ቼዙ ያስጠላው? አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ፣ ይጽፉታልም። አስተዋዋቂው ነው የማያነበው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከኢምፕሮቭ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ጥሩ ጥናት ስለ ትዝታ ምንም አይልም። ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2020 የወጣ ነው። አንዱ ቡድን 20 ደቂቃ ኢምፕሮቭ ተጫወተ፤ ሌላው ተመሳሳዩን ነገር ከተጻፈ ቃል ላይ እያየ ሠራ። የመጀመሪያው ቡድን በተሻለ የተለያየ ሐሳብ አፈለቀ፣ ስሜቱ ተሻሻለ፣ ደግሞም እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር የመቻል ዐቅሙ ጨመረ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ተረጋግቶ መቀመጥ፤ እመለስባታለሁ።

የአንጎል ጨዋታ ገበያ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ በሕግ ተይዟል። ሉሞሲቲ የተባለው የአንጎል ማሠልጠኛ ኩባንያ በ2016 ከአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ክሱ ጨዋታው በዕድሜ የሚመጣን የአእምሮ መድከም ይከላከላል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ ማስተዋወቁ ነበር። የኢምፕሮቭ ሰዎች ይህን ያህል አልደፈሩም፤ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ቋንቋው ግን ያው ነው።

ደግሞ እኮ የመርሳት በሽታን ለማራቅ ስለሚጠቅመው ነገር የተጻፈ አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ በ2024 ባወጣው ዘገባ 14 ሊቀነሱ የሚችሉ መንስኤዎችን ይዘረዝራል፤ ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል ከዓለም የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ነው፣ ስኳር ነው፣ ሲጋራ ነው፣ በልጅነት ትምህርት ማጣት ነው፣ የመስማትና የማየት ችግር ነው፣ ብቸኝነት ነው። ማስታወቂያ የማያምርበት ዝርዝር! ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌን ክብ ውስጥ አስቀምጦ የቃል ቅብብል ከማጫወት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይቀድማል። «በግ» መባሉን ካልሰማ ምኑን ይቀጥለዋል?

ታዲያ ጨዋታው ከንቱ ነው ማለቴ ነው? በፍጹም። ዝርዝሩ ውስጥ «ብቸኝነት» የሚል ቃል እንዳለ አላለፋችሁትም መሰለኝ።

እዚያው ቺካጎ በ2010 ሉኪንግግላስ የተባለ የቲያትር ቡድንና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአልዛይመር ማዕከል አንድ ነገር ጀመሩ፤ ስሙ ሜሞሪ አንሳምብል ነው። የመርሳት ችግር ገና የጀመራቸውን ሰዎች ሰብስበው በየሳምንቱ ኢምፕሮቭ ያጫውቷቸዋል። ትዝታችሁን እንመልሳለን አላሏቸውም። ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ስሰማው ከወንበሬ ብድግ ያደረገኝም እሱ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ፈተና ላይ ነው የሚውለው። «ይቺ ማናት? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ምሳ በልተሃል?» ሁሉም ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አለው፤ እሱ ደግሞ መልሱን የለውም። ኢምፕሮቭ ላይ ግን የሚረሳ ቃል የለም፤ ቀድሞ ነገር የተጻፈ ነገር የለማ! ጤነኛውም ተዋናይ ቢሆን ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም። አለማወቅ የጨዋታው ሕግ በሆነበት ክፍል ውስጥ የሚረሳው ሰው ከሌላው እኩል ይሆናል። እኩል የሚሆንበት ሌላ ክፍል ያለው አይመስለኝም።

የኢምፕሮቭ ዋናው ሕግ «አዎ፣ እና...» የሚል ነው። የጨዋታ ባልደረባህ «ዝናቡ አበሰበሰን» ካለህ ጣሪያ ሥር ብትሆንም «የምን ዝናብ?» አትለውም። «አዎ፣ ጫማዬ ውስጥም ገባ» ትለዋለህ። እሱ ያመጣውን ትቀበላለህ፣ ያንተን ትጨምርበታለህ። «አይደለም» ያልክ ዕለት ጨዋታው ይሞታል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አያንሰውም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ከታዳሚው አንዱ ድንገት «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ይሰማል፤ የተሰጠውን ስንኝ በዜማው ይመልሳል፣ የራሱንም ያክልበታል። ግጥሙ ቢሰባበር እንኳ አቃንቶ ይመልሰዋል እንጂ «ቤት አልመታም» ብሎ እንግዳውን አያሳፍርም። «እኛ ጥንት ነበረን» የሚለውን የተለመደ ዘፈን ልዘፍን አይደለም፤ ቫዮላ ስፖሊን ከአዝማሪ አልተማረችም። ነገሩ በሁለት አገር ለየብቻው የተገኘ የሰው ጥበብ ነው።

ችግሩ ከአዝማሪ ቤት ስንወጣ የምንጫወተው ጨዋታ ሌላ መሆኑ ነው። እሱም የእኛው ነው፦ እንካ ስላንቲያ። «እንካ ስላንቲያ!» «በምንቲያ?» «በወንበር!» «ምን አለህ በወንበር?» «ቁጭ ብለህ ስታወራ ሥራህ የት ነበር!» ጨዋታው ፈጣን ጭንቅላት ይጠይቃል፣ ልጆችን ያሰላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ግቡ መምታት ነው። የሰውየውን ቃል የምንቀበለው መልሰን ልንወረውርበት ነው። በየቤታችን ከአረጋውያን ጋር የምናወራውን ብታዳምጡ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ይገባችኋል።

አንድ የማውቀው ቤት አለ። እናትየው ከሰማንያ አልፈዋል፤ ሰፈሩ «ጃጅተዋል» ይላል። (ይቺ «መጃጀት» የምትባል ቃል ስንት ነገር ሸፈነች! ሐኪም ቤት ሊያስኬድ የሚገባው በሽታ በዚች አንዲት ቃል ተሸፍኖ እቤት ይቀራል።) ወደ ማታ ግድም በር በሩን እያዩ «እሳቸው ገና ናቸው?» ይላሉ። እሳቸው ማለት ባለቤታቸው ናቸው። ልጃቸው ደግ ናት፣ የምትወዳቸውም ናት። «እማዬ፣ አባባ ካረፈ እኮ 11 ዓመቱ» ትላቸዋለች። ሴትየዋ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይነሳሉ፤ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ «ምነው ሳትነግሩኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ለእሳቸው ሰውየው አሁን ነው የሞቱት። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይረሱታል። በነጋታው ማታ «እሳቸው ገና ናቸው?»

እስቲ አስቡት። እኛ እኮ በመርዶ አሠራር የተካንን ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞትበት ዝም ብለን አንነግረውም። ዘመድ ይመካከራል፣ የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ ሰውየው የልብ ሕመም ይኖርበት እንደሆን ይጠየቃል፣ ሌሊት ሳይነጋ ጎረቤት ተሰብስቦ በራፉ ላይ ይቆማል። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለ ልጅ አባቱ ሲሞቱበት ጓደኞቹ ሥራ ፈትተው ተሰብስበው ነው የሚያረዱት። እውነትን መናገር ጊዜና ወግ እንዳለው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምትረሳ እናት ግን ያንኑ መርዶ በየማታው፣ ቆመን፣ ስልካችንን እየነካካን እናረዳለን። «እውነቱን ማወቅ አለባት» እንላለን። ታዲያ አወቀችው፤ ትናንትም አውቃው ነበር።

እዚያ ቤት አንዲት ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ልጅ አለች። አንድ ቀን ማታ ልጅየዋ ከሥራ ሳትገባ እናትየው ያንኑ ጠየቁ። ሠራተኛዋ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ሲመጡ ምን ይወዳሉ፣ እማማ?» አለቻቸው። ሴትየዋ ተቀመጡ። እሳቸው ወጥ ሲቀጥን እንደማይወዱ፣ አንዴ ከእንግዳ ጋር መጥተው ሽሮ ብቻ ስላገኙ እንዴት እንደተኮሳተሩ፣ እንግዳው ግን ሦስት ጊዜ ጭልፋ እንዳስጨመረ፣ ኋላ አልጋ ላይ ሁለቱ እንዴት እንደሳቁ አወሩ። ያን ማታ ልቅሶ አልነበረም። ይህን ስልት ለመማር አሜሪካኖቹ ኮርስ ይወስዳሉ። ልጅቷ ምንም አልዋሸችም፤ «ይመጣሉ» አላለችም። ተቀበለች፣ ጨመረችበት። ለዚህ ችሎታዋ የደመወዝ ጭማሪ ያሰበላት ሰው እንዳለ አልሰማሁም።

ኬረን ስቶቢ የምትባል አሜሪካዊት የኢምፕሮቭ ተዋናይ ወላጆቿ በአልዛይመር ሲታመሙ ከባለቤቷ ጋር ሆና የመድረኩን ሕግ ወደ ቤት አስገባችው። በ2014 ታሪካቸው በአሜሪካ ሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል፤ አስታማሚዎችንም ያሠለጥናሉ። እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። በዚህ ሥልጠና የሚማረው በሽተኛው አይደለም፤ ጤነኛው ነው። «ለአንጎል ጤና» የሚለው ማስታወቂያ የታመመውን ሰው አንጎል እናድሳለን ሲል፣ ጨዋታው በእርግጥ የሚለውጠው አጠገቡ የተቀመጠውን ጤነኛ ሰው ነው። እርግጠኛ ያልሆኑበትን መቻል ያልኳችሁ ነገር የሚያስፈልገው ለልጅየው ነው። ማታ በሩ ሲከፈት እናቱ ልጄ ትበለው፣ ወንድሜ ትበለው፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ትበለው አያውቅምና።

ነገር ግን መቀበል ሲባል ሁሉን እሺ ማለት እንዳይመስል። ቡታጋዝ ልለኩስ ላለ ሰው «አዎ፣ እና ክብሪቱ ይኸው» አይባልም። የግፊት ክኒኔን ውጫለሁ ለሚል ሰው ቆጥሮ ማየት ነው እንጂ መጫወት የለም። ደግሞ «አዎ አባባ፣ ልክ ነው አባባ» እያለ የቤት ካርታ የሚያስፈርም ዘመድ አለ፤ ይሄ ተዋናይ ሳይሆን ሌባ ነው። ኢምፕሮቭን እንደ መድኃኒት የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ድንበር በበቂ አያሰምሩበትም፤ የሕጋቸው ውበት ስቧቸው ይመስለኛል።

ሌላም ያላነሱት ነገር አለ። መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ «አዎ፣ እና» የሚለው አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይጨበጨብለታል፣ ወጥቶ ቢራውን ይጠጣል። እቤት ያለችው ልጅ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ማታ አርባ ጊዜ ትሰማለች፤ ሌሊት ደግሞ በሩን ይዛ ታድራለች። በአርባ አንደኛው «ሞቷል አልኩሽ እኮ!» ብትል ሕጉን ስላላወቀች አይደለም። ደክሟት ነው። ለድካም ደግሞ ሥልጠና መልስ አይሆንም፤ ተተኪ ሰው ነው የሚፈልገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም የመርሳት ሕሙማን ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ እዚያ ተተኪው ብዙ ጊዜ ሌላ ሴት ልጅ ናት።

ስለዚህ የቺካጎውን ነገር እዚህ እናምጣ የሚል ሰው ካለ ውድ አዳራሽ አይከራይ። እድራችን አለ አይደል? ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ሁሉም ለቀብር ነው። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት የሚረሱትንም የማይረሱትንም አረጋውያን ሰብስቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ተረት በቅብብል ማስወራት ብዙ ወጪ የለውም። አስታማሚዋ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ትተኛ፣ ወይም ፀጉሯን ትሠራ። «ለአንጎል ነው» ብሎ የሚቀሰቅስ ሰው አያስፈልግም፤ «ኑ እንጫወት» ይበቃል። የእድሩን ዳኛ የማስቸግረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ድንኳን ውስጥ ወንበር የለመደው በረድፍ መደርደር ነው፣ በረድፍ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። ያን ቀን ወንበሮቹን ክብ ያድርጓቸው።